«እየሞተች ያለችው ከተማ»፦ ቺቪታ ዲ ባኞሬጆ ለምን ትፈርሳለች?

ከጭጋግ በላይ ተንሳፋ የምትመስል፣ ከተቀረው ዓለም ጋር በአንድ ቀጭን ድልድይ ብቻ የተያያዘች ትንሽ የድንጋይ ከተማ ፎቶግራፍ በማኅበራዊ ሚዲያ አይተው ይሆናል። ከፎቶግራፉ ሥር ብዙ ጊዜ «እየሞተች ያለችው ከተማ» የሚል ጽሑፍ ይነበባል። የከተማዋ ስም ቺቪታ ዲ ባኞሬጆ ሲሆን የምትገኘውም በመካከለኛው ጣሊያን ነው። ስለ እርሷ ከሚነገረው ውስጥ ግን ብዙው የተዛባ ነው፤ አንዳንዱ ሰው ነዋሪ የሌለባት ፍርስራሽ ትመስለዋለች፣ ሌላው በአንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ብቻ እንደወደመች ሰምቷል፣ ነገ ከነገ ወዲያ በሙሉ ተንዳ ገደል የምትገባ የሚመስለውም አለ። እውነቱ ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። ከተማዋን ከጫፍ ከጫፏ እየበላ ያሳነሳት ዝናብና ወንዝ ከሸክላ አፈር ጋር ሆነው የሚሠሩት ያልተቋረጠ ሥራ ነው፤ ኤትሩስካውያን ለመኖሪያነት የመረጡትን አምባ ከዙሪያው ምድር ቆርጦ ያወጣውም ይኸው ሥራ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

የት ናት? ማንስ መሠረታት?

ቺቪታ ከሮም በስተሰሜን 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በላትሲዮ ክልል በቪተርቦ አውራጃ ውስጥ ትገኛለች። ዛሬ የራሷ ማዘጋጃ ቤት የላትም፤ ከድልድዩ ማዶ ባለችው በባኞሬጆ ከተማ ሥር የምትተዳደር መንደር ናት። «ባኞሬጆ» የሚለው ስም «የንጉሥ መታጠቢያ» የሚል ፍቺ ካለው የላቲን ሐረግ የወጣ ሲሆን፣ የአካባቢው አፈ ታሪክም ዴሲዴርዮስ የተባለ የሎምባርዶች ንጉሥ በዚህ ሥፍራ ፍልውኃ ታጥቦ ከሕመሙ ተፈወሰ ይላል።

የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች ግን ከሎምባርዶችም ከሮማውያንም የቀደሙ ነበሩ። ኤትሩስካውያን የሚባሉት ሕዝቦች ሮም ገና ኃያል ሳትሆን በመካከለኛው ጣሊያን የራሳቸውን ከተሞች፣ ቋንቋና ሥነ ጥበብ ያዳበሩ ሲሆኑ፣ ይህንን ቦታ ከ2,500 ዓመት በፊት መኖሪያቸው አደረጉት። የመረጡበት ምክንያት ለእኛ ሀገር አንባቢ ረጅም ማብራሪያ የሚፈልግ አይመስለኝም፤ አናቱ ሜዳ፣ ዙሪያው ገደል የሆነ አምባ ለጠላት እንደማይመች፣ ለነዋሪው ደግሞ ከግንብ የበለጠ መከታ እንደሆነ እናውቃለን። ከዚህም ሌላ ቦታው ከቲቤር ወንዝ ሸለቆ ወደ ቦልሴና ሐይቅ የሚወስደውን መንገድ ለመቆጣጠር የተመቸ ነበር።

ታዲያ ገደሉ ለምን ይናዳል?

የቺቪታን ታሪክ ለመረዳት ከቤቶቿ ይልቅ ከሥሯ ያለውን መሬት ማየት ይቀድማል። ኮረብታዋ በጠባያቸው ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ሁለት ነገሮች የተደራረቡባት ናት።

የታችኛው ክፍል ሸክላ አፈር ነው። ይህ አካባቢ ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ባሕር ነበር፤ ወንዞች ከየብስ እየጠረጉ ያመጡት ደቃቅ አፈር በባሕሩ ወለል ላይ እየተነጠፈ ወፍራም የሸክላ ንጣፍ ሠራ። የላይኛው ክፍል ደግሞ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ነው። በስተምዕራብ፣ ዛሬ የቦልሴና ሐይቅ በተኛበት አካባቢ የነበሩ እሳተ ገሞራዎች በተደጋጋሚ ሲፈነዱ የተፉት አመድና ፍርክስካሽ ድንጋይ የሸክላውን ንጣፍ ሸፈነው፤ ይህም በረጅም ዘመን ተጭኖና ተጣብቆ ጠንካራ ድንጋይ ሆነ። ከተጠቀጠቀ የእሳተ ገሞራ አመድ የሚፈጠረው እንዲህ ያለ ድንጋይ «ቱፍ» ይባላል። በእጅ መሣሪያ ሊፈለፈል የሚችል በመሆኑ ኤትሩስካውያን መቃብርም፣ ጎተራም፣ መተላለፊያም ቀርጸውበታል፤ የቺቪታ ቤቶች የተሠሩትም ከዚሁ ድንጋይ ነው።

እንግዲህ ከላይ የማይለመጥ ድንጋይ፣ ከታች ደግሞ ውኃ ሲነካው የሚልመሰመስ ሸክላ አለ ማለት ነው። በሊጥ ላይ የተቀመጠ የሸክላ ምጣድ እናስብ፤ ሊጡ ከጠርዙ ሥር ወደ ውጭ ሲሸሽ ምጣዱ አብሮት ሊለመጥ ስለማይችል ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀው ጠርዝም ይወድቃል። መካከሉ ላይ ያለው ክፍል ግን ከሥሩ ሊጥ እስካለ ድረስ ጸንቶ ይቆያል። በቺቪታ የሚሆነውም ይኸው ነው።

የሊጡን ሥራ የሚሠራውን ሸክላ በዋልካ መሬት ላይ ቤት የሠራ ሰው በቀላሉ ይረዳዋል። አፈሩ ከእኛ ዋልካ ጋር አንድ ዓይነት ባይሆንም ጠባዩ ይቀራረባል፤ በደረቅ ወራት ይሰነጣጠቃል፣ ዝናብ ሲመጣ ውኃው በስንጥቁ ገብቶ ያርሰዋል፣ ሲርስም አብጦና ለስልሶ ቁልቁል መንሸራተት ይጀምራል። በዚህ ላይ ከአምባው በግራና በቀኝ ሁለት ወንዞች ይወርዳሉ። አንዱ ሪዮ ኪያሮ ይባላል፣ ትርጉሙም «የጠራው ወንዝ» ማለት ነው፤ ሌላው ሪዮ ቶርቢዶ፣ «ድፍርሱ ወንዝ» ነው። የድፍርሱ ወንዝ ስም የአካባቢውን ችግር በአንድ ቃል ይነግረናል፤ ውኃው የደፈረሰው የኮረብታውን ሥር እያጠበ ስለሚወስድ ነውና። ወንዞቹ የሸለቆውን ወለል በቆፈሩት መጠን የሸክላው ቁልቁለት የበለጠ ቀጥ እያለ ይሄዳል፤ ቀጥ ያለ ሸክላ ደግሞ ራሱን መሸከም አይችልም።

ከላይ የሚዘንበው ዝናብም የራሱ ድርሻ አለው። ቱፍ ስንጥቅ የማያጣው ድንጋይ በመሆኑ ውኃው በውስጡ እያለፈ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሸክላው ላይ ሲደርስ ግን መተላለፊያ ያጣል። ስለዚህ ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ ይጠራቀማል፣ በገደሉ ጎንም ምንጭ ሆኖ ይወጣል፤ በመንገዱም የሸክላውን የላይኛ ፊት ያለሰልሳል። የሸክላው ዳር ተንሸራቶ ሲሄድ ከላዩ የነበረው የድንጋይ ጠርዝ ድጋፍ ያጣል፤ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብሎ ይሰነጠቅና ትልቅ ቋጥኝ ሆኖ፣ በላዩ ያለውን ቤትና ጓሮ ይዞ ይናዳል። ናዳው ካለፈ በኋላ አዲስ ገደል ይታያል፤ በዚያው ላይ ሥራው እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል።

በዙሪያው ያለው ሸለቆ «የካላንኪ ሸለቆ» ተብሎ የሚጠራው በዚሁ ምክንያት ነው። ካላንኪ ማለት ውኃ በሸክላ ላይ የቆፈረው ቦረቦር ሲሆን፣ በሁለት ቦረቦሮች መካከል የሚቀረው አፈር እንደ ቢላ ስለት የሾለ፣ ሣር የማያበቅል ግራጫ ሸንተረር ይሆናል። ሸለቆውን ከሩቅ ለሚያይ ሰው ውበት ነው፤ ትርጉሙን ላወቀ ሰው ግን ቺቪታ የቆመችበት ምድር ከላዩ ያለውን ድንጋይ ሲያጣ ምን እንደሚመስል የሚያሳይ ነው።

የ1695ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ምን አደረገ?

በ1695 በጁን ወር የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ለከተማዋ መውደቅ ብቸኛ ምክንያት ተደርጎ ሲነገር ይሰማል። መንቀጥቀጡ ከባድ ጉዳት ማድረሱ እውነት ነው። ዋናው መዘዙ ግን የከተማዋን አስተዳደር ከቦታው መንቀሉ ነበር፤ የከተማው ሹማምንትና ጳጳሱ መቀመጫቸውን ከአምባው አንሥተው ዛሬ ባኞሬጆ ወደምንላት፣ ያን ጊዜ ሮታ ትባል ወደነበረችው ሠፈር አዛወሩ። ባለሥልጣን ከሄደ ባለሙያውና ነጋዴው መከተሉ አይቀርም፤ የቀሩት ሰዎችም ቤት ሲፈርስባቸው እንደገና ለመሥራት የሚገፋፋቸው ነገር አነሰ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነጥብ አለ። ቺቪታና ሮታ በጥንት ጊዜ በአንድ ሸንተረር ላይ የተያያዙ የአንዲት ከተማ ሁለት ሠፈሮች ነበሩ። በመካከላቸው የነበረው ጠባብ የመሬት አንገት ከሁለቱም ወገን በናዳ እየተበላ ሄዶ በመጨረሻ ወደ ጥልቅ ሸለቆነት ተለወጠ። ሰው ዛሬ በድልድይ የሚሻገረው ባዶ ቦታ በአንድ ወቅት ጋሪ የሚሄድበት መንገድ ነበር።

የቅዱስ ቦናቬንቱራ ቤት የት ሄደ?

የቺቪታ ስመ ጥሩ ልጅ ጆቫኒ ዲ ፊዳንሳ ነው፤ ዓለም የሚያውቀው ግን ቅዱስ ቦናቬንቱራ በሚለው ስሙ ነው። የተወለደው በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሲሆን፣ ሕፃን ሳለ በጽኑ ታሞ በቅዱስ ፍራንቸስኮስ ጸሎት እንደዳነ፣ ቅዱሱም ሕፃኑን አይቶ «መልካም ዕድል» የሚል ፍቺ ያለውን «ቦና ቬንቱራ» የሚል ቃል እንደተናገረ ትውፊት ያስረዳል። በ1257 የፍራንቸስካውያን ማኅበር ጠቅላይ አለቃ ሆኖ ተመረጠ፣ በ1273 ካርዲናል ሆነ፣ በማግስቱ ዓመት በ1274 በፈረንሳይ በሊዮን ከተማ በተካሄደው ጉባኤ ላይ ሳለ ዐረፈ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1482 ቅድስናውን አወጀች፣ በ1588 ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን መምህራን አንዱ አድርጋ ቆጠረችው።

ያደገበት ቤት ዛሬ የለም፤ ከቆመበት የገደል ጠርዝ ጋር ወደ ሸለቆው ከገባ ብዙ ዘመን ሆኖታል። የክንዱ ዐፅም ግን ከድልድዩ ማዶ በባኞሬጆ ካቴድራል ተጠብቆ ይገኛል። የከተማዋን ዕጣ ለልጆች ማስረዳት የሚፈልግ ሰው ከዚህ የሚሻል ምሳሌ የሚያገኝ አይመስለኝም፤ የታላቁን ሰው ቤት የወሰደው ጦርነት ወይም እሳት ሳይሆን ከሥሩ የሸሸው አፈር ነው።

ድልድዩን ማን ሠራው?

መሬቱ ከተቆረጠ በኋላ ነዋሪዎቹ የቀረውን ሸንተረርና በየጊዜው የሚጠገን መሻገሪያ ሲጠቀሙ ቆዩ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ተሠርቶ የነበረውን ድልድይ በ1944 እያፈገፈገ ያለው የጀርመን ጦር በፈንጂ አፈረሰው። ዛሬ በፎቶግራፍ የምናየው የኮንክሪት ድልድይ የተከፈተው በ1965 ነው። 300 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ወደ ከተማዋ በር ሲቃረብ አቀበቱ ይበረታል። መኪና አያልፍበትም። ለነዋሪዎችና ለንግድ ቤቶች አስቤዛ የሚያመላልሱ ትንንሽ ተሽከርካሪዎች ብቻ ይፈቀዳሉ፤ ቀደም ሲል ይህንን ሥራ የሚሠሩት አህዮች ነበሩ።

«እየሞተች ያለችው ከተማ» የሚለው ስያሜ ከባኞሬጆ ተወላጁ ደራሲ ከቦናቬንቱራ ቴኪ ጋር ተያይዞ ይነሣል። ስያሜው ጎብኚ ስቧል፤ ነገር ግን ሂደቱ የሰው ልጅ ምንም ሊያደርግለት የማይችል ፍርድ እንደሆነ ስለሚያስመስል ከተማዋን በትክክል ይገልጻታል ለማለት ይቸግረኛል።

ውስጧ ሲገቡ ምን ይታያል?

ድልድዩ የሚያበቃው በቅድስት ማርያም በር ነው። መተላለፊያውን መጀመሪያ ከቱፉ ቀርጸው ያወጡት ኤትሩስካውያን ሲሆኑ፣ ቅስቱ የመካከለኛው ዘመን ሥራ ነው። በበሩ ላይ የሰው ራስ በመዳፋቸው የያዙ የድንጋይ አንበሶች ይታያሉ፤ እነዚህም የከተማዋ ሕዝብ ሞናልዴስኪ የተባሉትን የጎረቤት ከተማ የኦርቪዬቶ መሳፍንት ድል የመታበት መታሰቢያ ናቸው።

በሩን አልፈው ጥቂት እንደተራመዱ ቆም ብለው ሊያዩት የሚገባ አንድ ግድግዳ አለ። ከፊት ሲታይ ያማረ የህዳሴ ዘመን መኖሪያ ቤት ነው፤ በርና መስኮቶች አሉት። በመስኮቱ አሻግሮ የሚታየው ግን ሰማይ ብቻ ነው፤ ከግድግዳው በስተጀርባ የነበረው ቤት ተንዶ ሄዷልና። እኔ በበኩሌ ከከተማዋ ቅርሶች ሁሉ ይህንን ባዶ ግድግዳ አስቀድማለሁ፤ ከላይ በብዙ ዐረፍተ ነገር ለማስረዳት የሞከርኩትን እርሱ ዝም ብሎ ያሳያል።

ዋናው መንገድ ወደ ቅዱስ ዶናቶ አደባባይ ይወስዳል። ጣሊያኖች አደባባይን «ፒያሳ» ይሉታል፤ አዲስ አበባም የሠፈሯን ስም ያገኘችው ከዚሁ ቃል ነው። የቺቪታ ፒያሳ ድንጋይ አልተነጠፈበትም፤ ጠጠርና አፈር እንደሆነ ቀርቷል። በአንዱ ጎን የቆመው የቅዱስ ዶናቶ ቤተ ክርስቲያን ጳጳሱ ከተማዋን ለቆ እስከሄደበት ጊዜ ድረስ ካቴድራል ነበር። ቦታው ከክርስትና በፊትም የአምልኮ ሥፍራ እንደነበረ ይታመናል፤ ከፊት ለፊቱ የቆሙት የተሰበሩ ጥንታዊ ዓምዶችም ከዚያ ዘመን የተረፉ ናቸው ይባላል።

በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ነዋሪው ከሁሉ አብልጦ የሚሳሳለት የ15ኛው ክፍለ ዘመን የእንጨት ስቅለት ይገኛል። በየዓመቱ በስቅለት ዓርብ ምሽት የክርስቶስ ምስል ከመስቀሉ ይወርድና በቃሬዛ ላይ ተጋድሞ፣ በድልድዩ ላይ በዑደት ተሸክመውት ወደ ባኞሬጆ ይሄዳሉ። በልማድ እንደሚነገረው ምስሉ ከእኩለ ሌሊት በፊት ወደ ቺቪታ ካልተመለሰ ባኞሬጆዎች ለራሳቸው የማስቀረት መብት አላቸው። በአንድ ወቅት አንድ የነበሩና መሬት የለያቸው ሁለት ሠፈሮች ዝምድናቸውንም ፉክክራቸውንም በዚህች ሌሊት እንዴት አድርገው እንደጠበቁት ማሰብ ልብ ይነካል። በዚሁ አደባባይ በጁን መጀመሪያና በሴፕቴምበር «ቶና» የሚባል የአህያ ግልቢያ ውድድርም ይካሄዳል።

ከቤቶቹ ሥር ሌላ ከተማ አለ ማለት ይቻላል። ለወይን ማስቀመጫና ለወይራ መጭመቂያ ያገለገሉ ዋሻዎች፣ እንዲሁም ቡካዮኔ የሚባል በድንጋዩ ውስጥ አቋርጦ ወደ ሸለቆው የሚያወጣ የጥንት መተላለፊያ ይገኙበታል። አለማኒ በተባለው የህዳሴ ዘመን ሕንፃ ውስጥ ደግሞ በ2012 የተከፈተ የጂኦሎጂና የናዳ ሙዚየም አለ። ብዙ ጎብኚ ፎቶግራፍ ሲያነሣ ውሎ ሳይገባበት ይመለሳል። ይህ ያሳዝናል፤ ሙዚየሙን አስቀድሞ ያየ ሰው የቀረውን ከተማ በሌላ ዓይን ያየዋልና።

ለመግባት ለምን ይከፈላል? ሰውስ ይኖርባታል?

ይኖርባታል። ቋሚ ነዋሪዎቿ ግን ከ20 የማይበልጡ ናቸው። ማዘጋጃ ቤቱ በ2013 ጎብኚዎች ድልድዩን ለመሻገር 1.50 ዩሮ እንዲከፍሉ ወሰነ፤ ለአንድ ከተማ መግቢያ ማስከፈል ያን ጊዜ በጣሊያን ያልተለመደ ነበር። ክፍያው በኋላ እስከ 5 ዩሮ ደርሷል። ጎብኚውን ያሸሻል ተብሎ የተፈራው እርምጃ ከተማዋን ይበልጥ አስተዋወቃት። በ2010 አካባቢ በዓመት 40,000 ገደማ የነበረው የጎብኚ ቁጥር ከኮሮና ወረርሽኝ በፊት በነበሩት ዓመታት ወደ መቶ ሺዎች ዘለቀ። ገቢው ለጥገናና ለአገልግሎት ከመዋሉም በላይ፣ የባኞሬጆ ማዘጋጃ ቤት በነዋሪዎቹ ላይ ይጥላቸው የነበሩ የአካባቢ ግብሮችን እንዲያስቀር አስችሎታል።

ገደሉን ማቆም ይቻላል?

ሙሉ በሙሉ ማቆም አይቻልም፤ ማዘግየት ግን ይቻላል፣ እየተሠራም ነው። የከተማዋ ጉዳይ ዓለም አቀፍ ትኩረት አግኝቶ በ2006 በዓለም ላይ ለጥፋት ከተጋለጡ 100 ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገብታ ነበር፤ በ2021 ደግሞ ጣሊያን ለዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በእጩነት አቅርባታለች።

የመሐንዲሶቹ ሥራ ድንጋዩንና ሸክላውን ለየብቻ ይመለከታል። ለድንጋዩ የሚደረገው ሊገነጠል የደረሰውን ጠርዝ ከኋላው ካለው ጽኑ አለት ጋር በረጃጅም የብረት ዘንጎች መስፋት ነው። ዘንጎቹን ከውጭ ማስገባት የገደሉን መልክ ያበላሻል፤ በዚህም ምክንያት በአንዳንድ ቦታ ከገደሉ ጠርዝ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ጥልቅ ጉድጓድ ይቆፈርና በኮንክሪት ይጠናከራል፤ ከዚያም ከጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ዘንጎቹ ወደ ገደሉ ፊት ይነዳሉ። ከሸለቆው ቀና ብሎ የሚያይ ሰው የሚታየው የጥንቱ ገደል ብቻ ነው። በሸክላው በኩል የሚሠራው ደግሞ ለእኛ ሀገር ገበሬ እንግዳ አይደለም፤ ውኃውን ከቁልቁለቱ ማስወገድ፣ ቦረቦሩን መከተር፣ አፈሩን የሚይዝ ተክል መትከል ነው። በስንጥቆች ላይ የተተከሉ መሣሪያዎችም የድንጋዩን እንቅስቃሴ በየጊዜው ይለካሉ።

የመጀመሪያው ሥራ ለሁለተኛው ምትክ ሊሆን አይችልም። ድንጋዩ የቱንም ያህል በብረት ቢሰፋ ከሥሩ ያለው ሸክላ መሸሹን ከቀጠለ የተሰፋው ሁሉ አብሮ ይወርዳል። ለዚህ ነው ባለሙያዎቹ በከተማዋ ላይ ብቻ ሳይሆን በሸለቆው ሁሉ ላይ የሚሠሩት፤ ወጪውም ሥራውም ማብቂያ የሌለው የሚሆነው ለዚህ ነው።

መሄድ የሚፈልግ ሰው እንዴት ይደርሳል?

ከሮም በባቡር ወደ ኦርቪዬቶ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ወደ ባኞሬጆ መሄድ የተለመደው መንገድ ነው። ከአውቶቡስ ማቆሚያው እስከ ድልድዩ መነሻ ድረስ በባኞሬጆ ውስጥ የሚደረግ የእግር መንገድ አለ። የአውቶቡሱን የመመለሻ ሰዓት አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል። ጎብኚ የሚበዛው በእኩለ ቀን ነው፤ ማለዳ የደረሰ ሰው ከባኞሬጆ ወገን ካለው መመልከቻ ላይ ሆኖ ጭጋጉ ከሸለቆው ሳይነሣ አምባውን ለማየት ዕድል ያገኛል፣ ድልድዩንም ያለ ግፊያ ይሻገራል።